ቶሎ የሚያረጁት የሲስተር ቲዩቦች

ሰፈርተኛው «ጋሽ ጆሮ» ይለዋል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። የታመመ አምፕሊፋየር ተሸክመው ሱቁ ሲገቡ ክዳኑን ለመክፈት አይቸኩልም። ይሰካዋል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ከዚያ «በግራ በኩል ያለችው ናት፤ ደክሟታል» ይላል። ሲከፈትም በግራ በኩል ያለችው ደክሟት ትገኛለች። በዚህ ተነሥቶ ጋሽ ጆሮ የሚነገረውን ሁሉ የሚሰማ ሰው ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ግን ተሳስቷል። ሰውዬው የሚሰማው ሽቦና ብርጭቆ የሚሉትን ነው። ሰው የሚለውን ደጋግመው ካልነገሩት አይገባውም፣ አንዳንዴም ተነግሮት አይገባውም።

ሱቁ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጋር በስስ ግድግዳ የተጣበቀች ጠባብ ክፍል ናት። በመደርደሪያዎቹ ላይ ትራንዚስተር ሳይመጣ የተሠሩ፣ አምፖል የሚመስሉ የብርጭቆ ቲዩቦች የተተከሉባቸው ከባድ አምፕሊፋየሮች ተደርድረዋል። ቲዩቦቹ ሲበሩ እንደ ፍም ይቀላሉ፣ ቤት ያሞቃሉ፣ እንደ አምፖልም እያደር ያረጃሉ። ሲያረጁ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ያኔ ባለቤትየው አምፕሊፋየሩን አቅፎ እያቃሰተ ወደ ጋሽ ጆሮ ይመጣል።

ጋሽ ጆሮ ደግሞ አንድ ሕግ አለው፤ ሳይሞቅ አይወጣም። የቲዩብ በሽታ ሲቀዘቅዝ ይደበቃል፣ ራሱን የሚያሳየው ሲግል ነው። ስለዚህ የተጠገነ አምፕሊፋየር፣ ባለቤቱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አንድ ሸክላ በሁለቱም ፊት ተጫውቶ እስኪያልቅ ድረስ ከሱቁ አይወጣም። ደንበኛው ቢቸኩል፣ ቢቆጣ፣ ታክሲ ደጅ አቁሜያለሁ ቢል ወይ ፍንክች። ይህን ሕግ ሁሉም ሰው ይጠላዋል። ያልጠላችው ሲስተር ብቻ ናት።

ሲስተር ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ከሰፈሩ ጎረምሳ ግማሹን በእጇ ተቀብላዋለች፤ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው ሁሉ እሷ ፊት ሲደርስ አንገቱን ይደፋል። ባሏ ሲሞት ከተወላት ነገር አንዱ ከባድ የቲዩብ አምፕሊፋየር ነው። መጀመሪያ ሱቁ ይዛው የመጣች ቀን፣ ተጠግኖ ሲበራ ለመሞቅ ጊዜ ወሰደ። ሲስተር በርጩማው ላይ ጎንበስ ብላ «አይዞሽ፣ ግፊ የኔ ልጅ፣ ደርሷል» አለችው። ድምፁ ብቅ ሲል በሳቅ ፍርስ አለች። ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴውን እጁ ላይ እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡ ከእሱ ጋር የለም።

ዛሬ ነገ ሲል ሳያገባ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። እናቱን ሲያስታምም አንዱ ዘመን አለፈ፣ ሱቁን ሲያቋቁም ሌላው። ለሴት ምን እንደሚባል አያውቅም፤ ቢያውቅም ከአፉ አይወጣም። ግን በሱቁ ጥግ፣ በመሳቢያ ውስጥ፣ በጥጥ የተጠቀለሉ ቲዩቦች ነበሩት። ከተዘጋ ራዲዮ ጣቢያ የወጡ፣ ዛሬ ቢፈለጉ የማይገኙ፣ ዕድሜያቸው ከሌላው እጥፍ ድርብ የሆነ። ለራሱ፣ ለእርጅናው ያስቀመጣቸው ናቸው። ለሌላው ደንበኛ ገበያ ላይ ያለውን ያስገባል። ለሲስተር ግን ያኑ ዕለት ከጥጡ አውጥቶ፣ በሸሚዙ እጅጌ ወልውሎ፣ ምንም ሳይናገር እነዚያን ተከለላት። ለዓመታት እንዳትቸገር ብሎ ነው። ተክሎ ሲጨርስ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ለዓመታት ካልተቸገረች ለዓመታት አትመጣም።

ሲስተር ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላት መጣች።

«ጋሽ ጆሮ፣ ዘፋኙን ጉንፋን ያዘው!» አለች ከታክሲው ሳትወርድ።

ቲዩቦቹን ነቅሎ መለኪያው ላይ አደረጋቸው። አልተቃጠሉም፣ አልተሰነጠቁም፤ አርጅተዋል። እንዴት ሊሆን ይችላል? ከጥጡ ሌሎች አውጥቶ ተከለላት። እነዚያም አረጁ። «የቤትዎ መብራት ኃይሉ ሳይበዛ አይቀርም» ብሎ ስታቢላይዘር አስገዛት። ገዛች፤ አረጁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ትራንስፎርመሩን ፈትቶ እንደ አዲስ ጠመጠመው። አሁንም አረጁ። በሙያው እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም። እሷ በመጣች ቁጥር ግን ፊቱ ይፈካል። በደንበኛ ጉዳት መደሰቱ ያሳፍረዋል፤ ቢያፍርም ይደሰታል። ሲስተር ሸክላዋን ከቦርሳዋ ታወጣለች፣ በርጩማው ላይ ተደላድላ ትቀመጣለች፣ ሁለቱም ፊት እስኪያልቅ ስለተቀበለቻቸው ሕፃናት፣ ሌላ ከተማ ስለሚኖረው ልጇ፣ ስለ ጎረቤቶቿ ታወራለች። እሱ «እህ» ይላል። ስትሄድ ሱቁ ባዶ ይሆንበታል።

ልብስ ሰፊው ነገሩ ከገባው ቆይቷል።

«አንተ ሰው» ይለዋል አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ «እሷ ልትሄድ ስትነሣ ፊትህን በመስታወት አይተኸው ታውቃለህ? ንገራትና ይውጣልህ!»

«ደንበኛዬ ናት» ይላል ጋሽ ጆሮ።

«እኔም ደንበኛ አለኝ። እጅጌ እየለካሁ ግን አላለቅስም።»

እንዲህ እንዲያ ሲል በጥጥ የተጠቀለሉት ቲዩቦች አለቁ። የሲስተርም ወገብ መታመም ጀመረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ዕቃ ይዛ መጣች፤ ከባዱን የታክሲው ሹፌር እያማረረ አስገባላት፣ ሌላውን ራሷ በአንድ እጇ ይዛዋለች። መጽሐፍ የምታክል፣ ጥቁር፣ ቀለል ያለች ነገር ናት።

«ልጄ ነው የላከው» አለች ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «ትራንዚስተር ነው። ‹እማዬ፣ ያንን ድንጋይ ተሸክመሽ መንከራተት ይብቃሽ› ይለኛል። እስቲ እርስዎ እውነቱን ይንገሩኝ፤ የትኛው ይሻለኛል?»

ጋሽ ጆሮ ሁለቱን ዕቃዎች አፈራርቆ አየ። ሲስተር ትንሿን ከወሰደች ከእንግዲህ ሱቁ የምትመጣበት ጉዳይ የላትም። መዋሸት ይችል ነበር። ትራንዚስተር ነፍስ የለውም ብለው የሚምሉ የሙያ ጓደኞች ሞልተውታል። አንዲት ቃል ብትወጣው ሲስተር ድንጋይዋን ይዛ ትመለሳለች፣ ደግሞም ትመጣለች። ያቺ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ከዚያ ቀና ሲል ሲስተር ወገቧን በእጇ ደግፋ መቆሟን አየ።

«እውነቱን ካሉኝ» አለ፣ «የቲዩብ ድምፅ ደስ ይላል። ዘፋኙ እዚሁ ክፍል ውስጥ ያለ ያህል ትንፋሹ ይሰማል። ከአቅሙ በላይ ቢያስጮኹትም ጆሮ አይበሳም፤ እንደ ሰው ጎርነን ይላል እንጂ። ሲበላሽ ደግሞ ተከፍቶ በእጅ ይጠገናል። ግን ሲስተር፣ ያ ደስ የሚለው ነገር ሸክላው ላይ የለም። ቲዩቡ ከራሱ የሚጨምረው ነው። በመለኪያ ከሄድን ጥፋት ነው።»

«ደስ ካለኝ ምን አጠፋ?» አለች ሲስተር።

«ሌላም አለ። ይከብዳል። በሙቀት ጊዜ ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል። መብራት ይበላል። እስኪሞቅ ያስጠብቃል፣ በዘፈንና በዘፈን መካከል እምም ይላል። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ውስጡ ሰው የሚገድል ኃይል ይቆያል። ቲዩቡም ከገበያ እየጠፋ ነው፤ እኔም ጋ ደህናው አልቋል።» ትንሿን ዕቃ አንሥቶ አገላበጣት። «ይቺ ወዲያው ትሠራለች። ድምፅዋ ንጹሕ ነው። አትግልም፣ የሚያረጅ ቲዩብ የላትም።»

«አትበላሽም?»

«አትበላሽም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ። ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግዎትም።»

ይህን ያለው ዕቃዋን ለማሞገስ ነው። ሲስተር ትክ ብላ አየችው።

«እንግዲያው ያ እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ለእኔ ምን ይሠራልኛል» አለች አሮጌውን እያሳየች። በርጩማው ላይ ሳትቀመጥ ወጣች።

ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሲያዳምጥ ነበር። «ጎበዝ!» አለው በበሩ ብቅ ብሎ። «ለእሷ መከርክ፣ ራስህን ገደል ከተትክ።»

ጋሽ ጆሮ የሲስተርን አምፕሊፋየር ተራ የገበያ ቲዩቦች አስገብቶ ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠው። ጠዋት ሥራ ሲጀምር ያበራዋል፣ ሲጨርስ ያጠፋዋል። እንዲህ ሲያደርግ ወራት ሄዱ። በርጩማው ላይ ሌላ ደንበኛ ሲቀመጥ ያለ አንዳች ጥፋቱ ያኮርፈዋል። ታክሲ ደጁ ላይ በቆመ ቁጥር ካቻቢቴው ከእጁ ይወድቃል። ናፈቀችው። ሳቋ ናፈቀው፣ «ግፊ» ማለቷ ናፈቀው፣ ወሬዋ ሳያልቅ የሚያልቀው ሸክላ ናፈቀው። «እህ» ብቻ ብሎ ላለፈው ወሬዋ አሁን መልስ እያዘጋጀ ብቻውን ያወራ ጀመር። በመንገድ ሲያልፍ ከሰው ቤት ዘፈን ከሰማ ይቆማል፤ ቤቷ በዚያ በኩል እንዳልሆነ እያወቀ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይቆማል።

አንድ ቀን እንዲያው ለእጁ ሥራ ለመስጠት ቲዩቦቹን ነቅሎ መለኪያው ላይ አደረጋቸው። እንደ አዲስ ናቸው። ደጋግሞ ለካቸው። ተራ ቲዩቦች ሆነው፣ ይህን ሁሉ ወራት በርተው ውለው ምንም አልሆኑም። አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ከሆነ በሽታው ያለው ሲስተር ቤት ነው። ስታቢላይዘር አልፎ ቲዩብ የሚበላ መብራት ደግሞ አንድ ቀን ቤት ያቃጥላል። ሲስተር እዚያ ቤት ውስጥ ናት። ጋሽ ጆሮ ቴስተሩን ኪሱ ከትቶ ሱቁን ሳይዘጋ ብድግ አለ።

«ወዴት ነው?» አለው ልብስ ሰፊው።

«መብራት ልለካ!» አለና ሮጠ።

ቤቷን በአድራሻ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም። ጠይቆ ጠይቆ ደረሰ። ሲስተር ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ፀጉሯን ሳታበጥር በሩን ከፈተችና ክው ብላ ቀረች።

«ጋሽ ጆሮ! ምን ሆኑ?»

«ሶኬቱ የት ነው?» አለ። ሰላምታውን ረስቶታል።

የሳሎኑን ለካ፣ የመኝታ ቤቱን ለካ፣ የወጥ ቤቱን ለካ። ሲስተር እጇን አጣጥፋ ከኋላው ከኋላው ትከተላለች። መብራቱ ልክ ነው፤ አንድም ግድፈት የለበትም። ወደ ሳሎኑ ተመልሶ መደርደሪያው ሥር ተንበርክኮ ሽቦዎቹን ሲፈትሽ፣ ትንሿን ትራንዚስተር ጨርቅ ተሸፍና፣ ተነቅላ አያት።

«አያዳምጡባትም እንዴ?»

«መጀመሪያ ሰሞን አዳምጬባታለሁ። ጥሩ ናት። ድምፅዋ ንጹሕ ነው።» ሲስተር ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። «እኔ ነኝ የከፋኝ።»

ጋሽ ጆሮ ይህን አልሰማም፤ ሐሳቡ ሌላ ጋ ነው። «ሲስተር» አለ፣ «መብራቱ ጤነኛ ነው። አምፕሊፋየሩም ጤነኛ ነው። ታዲያ እነዚያን ሁሉ ቲዩቦች ምን በላቸው?»

ስንቷ ሴት በምጥ ስትጮህ ያልደነገጠችው ሴትዮ የሹራቧን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር።

«እኔ» አለች።

«እንዴት?»

«ጠዋት ስነሣ አበራዋለሁ። ስተኛም አላጠፋው። ገበያ ስሄድ፣ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ፣ ሸክላ ሳላደርግበት እንዲሁ በርቶ ይውላል። ቶሎ እንዲያረጅ ብዬ ነው።»

«ለምን?» አለ ጋሽ ጆሮ።

«ለምን ይለኛል እንዴ!» ድምፅዋ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም። «ታዲያ ምን ብዬ ልምጣ? ያልተበላሸ ዕቃ ተሸክሜ? ‹ናፈቁኝ› ብዬ ደጅዎ ላይ ልቁም? ያን ዕለት የትኛው ይሻለኛል ያልኩዎት እኮ ‹አሮጌውን ይዘው ይመለሱ፣ እየመጡ ያሠሩት› እንዲሉኝ ነው። እርስዎ ግን አላስፈልግዎትም ብለው ሸኙኝ!»

ጋሽ ጆሮ እንደተንበረከከ ቀረ። ይህን ግን ሰማው።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ለእርስዎ ያስገባሁት ተራ ቲዩብ አልነበረም። ለራሴ ብዬ ያስቀመጥኳቸውን ነው። ከሁሉ የሚቆዩትን። እንዳይቸገሩብኝ ብዬ... ቶሎ እንደማይመጡ እያወቅሁ።»

ሲስተር እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ ደግሞ» አለች፣ «እነዚህ ነገሮች ምን ሆነው ነው አላረጅ ያሉት እያልኩ ስረግማቸው ነው የኖርኩት።»

ሳቁ መጀመሪያ ከእሷ መጣ፣ ከዚያ ከእሱ። ስቀው ስቀው ሲያበቁ እሷ የሸበተ ፀጉሩን አየች፣ እሱ ወገቧን ደግፋ መቆሟን አየ። የሄደው ዘመን ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ታያቸው፣ አንጀታቸውን በላው።

«ተነሥ እስቲ ከመሬት» አለች ሲስተር፣ «ጉልበትህን ያምሃል።»

ሊነሣ ሞከረና ጉልበቱ እምቢ አለው። እጇን ዘረጋችለት። ያን ሁሉ ዓመት ሲያያት ኖሮ እጇን ይዟት አያውቅም ነበር።