የብስ ላይ የሚጠራ ሰው

"አንድ ክፍል?" አለች ዊላ፣ የመርከቡን ንድፍ በጣቷ ወደ አባቷ እየገፋች። "እኔና አንተ፣ ሰባት ሌሊት ሙሉ?"

ሎየል ወረቀቱን አዙሮ አየው። ሁለት አልጋ፣ አንድ ክብ መስኮት፣ ከቁም ሳጥን እምብዛም የማይሰፋ መታጠቢያ። "አልጋው ሁለት ነው እኮ" አለ።

"ታንኮራፋለህ።"

"ድሮ ነበር።"

"እናቴ እስካሁን ታወራዋለች" አለችና ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

የጉዞ ወኪሏ ፖሌት ሳቋን ዋጥ አደረገች። ዌናቺ ከተማ ውስጥ በዚችው ቢሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው እረፍት ስትሸጥ ኖራለች። አባትና ልጅ ፊቷ ሲነታረኩ ማየት ብርቋ አይደለም። ዋናው ነገር ካለቀ ቆይቷል። በሐምሌ ከቫንኩቨር ተነስቶ ወደ ሰሜን ሰባት ሌሊት በመርከብ፣ ከዚያ ዊቲየር ወደብ ላይ ወርዶ አራት ቀን በባቡር ወደ ዴናሊ ተራሮች። ዊላ የየብሱን ጉዞ ነው የፈለገችው፤ ጣሪያው መስታወት የሆነውን ባቡርና ድቦቹን። አባቷ ደግሞ መርከቡን።

ለምን መርከቡን እንደፈለገ ለማንም አልተናገረም። ሎየል የፖም ማቀዝቀዣ መጋዘን መካኒክ ነው። ከሚስቱ ከተፋታ አምስት ዓመት አልፎታል። ዊላን የሚያገኛት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ ነው፤ እሱንም ግማሹን መረብ ኳሷና ጓደኞቿ ይወስዱበታል። አሁን ዕድሜዋ አሥራ አምስት ተኩል ሆኗል፤ በነሐሴ ከእናቷ ጋር ቦይሲ ወደምትባል ከተማ ልትዛወር ነው፣ የስድስት ሰዓት መንገድ። ባሕር ላይ ግን ማንም በመኪና መጥቶ አይወስዳትም። ሰባት ቀን የትም ልትሄድ አትችልም። ይህን ሲያስበው ያፍራል፤ ግን ወራት ሙሉ ያሰበው እሱኑ ነው።

"እሺ፣ ሁለት ክፍል አድርጊልን" አለ።

ፖሌት ራሷን ነቀነቀች። "አይሆንም፣ ሎየል። ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ለብቻው ክፍል አይሰጡም። በየክፍሉ አንድ ትልቅ ሰው መመዝገብ አለበት። ባለፈው እንዴት እንዳደረግን ረሳኸው?"

አልረሳውም። ዊላ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ሦስቱም ሄደው ነበር። ያኔ ፖሌት የእሱን ስም ባንዱ ክፍል፣ የሚስቱን በሌላው ጻፈች። ባልና ሚስት ባንዱ፣ ልጅ በሌላው እንዲያድሩ መርከቡ ላይ እንደወጡ ቁልፍ መለዋወጥ ብቻ ነው፤ ባለትዳሮች ሁሉ የሚያደርጉት ነገር ነው። እነሱ ግን ቁልፍ አልተለዋወጡም። ሚስቱና ልጁ በአንዱ አደሩ፣ እሱ በሌላው።

"ስለዚህ አንድ ሰው ፈልግ" አለች ፖሌት። "ወንድም፣ ጓደኛ፣ ማንም ይሁን። አብሯችሁ የሚሄድ ትልቅ ሰው እስከሆነ ድረስ።"

ሎየል ስልኩን አወጣ። ወንድሙ ቴክሳስ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩት እናታቸው የተቀበሩ ቀን ነው። የሥራ ባልደረባው ሄክተር ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ከዚያ በታች ጥርስ ሐኪሙ አለ፣ የመጭመቂያ ሞተር መለዋወጫ የሚሸጠው ሰውዬ አለ፣ ፒዛ ቤቱ አለ። ማንንም እንደማያገኝ እያወቀ ጣቱን ወደ ላይ ወደ ታች ማንሸራተቱን ቀጠለ። ዊላ በትከሻው በኩል እያየች እንደሆነ ሲያውቅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

የጉዞው መመዝገቢያ ፎርም ላይም ባዶ የተወው አንድ መስመር ነበር። "በአደጋ ጊዜ የብስ ላይ የሚጠራ፣ አብሮ የማይጓዝ ሰው" ይላል። ጠዋት ቤቱ ሲሞላው ብዙ አሰበበት። እሱን የሚመለከት ነገር ቢደርስ ሊነገራት የሚገባት አንዲት ሰው ዊላ ናት፤ እሷ ደግሞ አብራው መርከቡ ላይ ናት።

"አያቴን እንጠይቃታ" አለች ዊላ።

ቶሎ ነው ያለችው። ከቤት ስትወጣ ጀምሮ ምላሷ ላይ እንደነበረ ሎየል ገባው። አያቷ ማርጅ የቀድሞ ሚስቱ እናት ናት። ከፍቺው በኋላም በየገናው ካርድ የምትልክለት ከዚያ ቤት እሷ ብቻ ናት።

ዊላ ደወለችና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው። ማርጅ ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ ሳቀች። መርከብ ከሆነ ዛሬውኑ ሻንጣዋን እንደምታዘጋጅ ነገረቻቸው፤ ባቡርና አውቶቡስ ግን ዳሌዋ አይችልላትም፣ ዊቲየር ላይ ወርዳ በአውሮፕላን ትመለሳለች። መጫወቻ ካርታዋን ትይዛለች፤ ዊላ ባለፈው የገና ሰሞን ያጭበረበረቻትን ሁሉ ታስመልሳለች።

"አላጭበረበርኩም!" አለች ዊላ እየሳቀች።

"እጅጌሽ ውስጥ የንጉሥ ካርታ ያገኘሁት እኔው ነኝ" አለች ማርጅ። "እኔና አንቺ ባንድ ክፍል እናድራለን፣ ይገባኛል። ሎየልስ የት ሊተኛ ነው?"

ፖሌት ንድፉ ላይ ከጎን ያለውን ክፍል በብዕሯ ነካ አደረገችው።

"ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን" አለች ዊላ። ፊቱን አይታ ድምፅዋን አለሳለሰች። "ደግሞ ራት ላይ እንገናኛለን እኮ፣ አባዬ።"

በደግነት ነው ያለችው፤ የጎዳው ግን ደግነቷ ነው። እንዲያው ተኮሳትራ እምቢ ብትለው ይሻለው ነበር። ያ የዛሬ ስድስት ዓመቱ ክፍል ትዝ አለው፤ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ እናትና ልጅ በግድግዳው በኩል ሲስቁ ያዳምጥ ነበር። በምን እንደሚስቁ ለመስማት አንድ ሌሊት ጆሮውን ግድግዳው ላይ አስጠግቷል። ጠዋት ቁርስ ላይ ሲጠይቃቸው "ምንም" ነበር መልሳቸው። ዘንድሮ ደግሞ የአያትና የልጅ ልጅ ሳቅ ሲያዳምጥ ሰባት ሌሊት ሊያድር ነው።

"ማርጅ" አለ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ "ከዊላ ጋር ቫንኩቨር ድረስ ብቻችሁን መብረር ይከብድሻል?"

"ዳሌዬ ነው የታመመው፣ ጭንቅላቴ አይደለም" አለች ማርጅ። "አንተስ?"

"እኔ ዊቲየር እጠብቃችኋለሁ።"

ዊላ ቀና አለች። "መርከቡን እኮ አንተ ነህ የፈለግከው።"

"ያንን መርከብ አይቼዋለሁ" አለ። "ባቡሩን ግን አላየሁትም።" ወደ ፖሌት ዞረ። ባቡሩ ላይ ወንበራቸው ጎን ለጎን ይሆን እንደሆነ ጠየቃት። ፊት ለፊት ነው፣ መሐሉ ጠረጴዛ አለው አለችው። በየማረፊያው ደግሞ ሁለት ክፍል በእሱ ስም ልትይዝላቸው ትችላለች፤ የብስ ላይ ያ ሕግ የለም።

"አራት ቀን" አለች ዊላ።

"አራት ቀን። የማንኮራፋው ለብቻዬ ነው።"

ልትስቅ ብላ ተወችው። አይኖቿን ከንድፉ ላይ አላነሳችም፤ ጥፍሯ ከማርጅ ክፍል ጎን ባለው ባዶ ክፍል ዙሪያ ይመላለስ ነበር። "ወደቡ ላይ ታረፍድና ደግሞ..." አለች።

"መርከቡ ሳይደርስ እደርሳለሁ።"

ማርጅ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ለዊላ ሁለት የሱፍ ካልሲ እንድትይዝ ነገረቻት። ፖሌት ኮምፒውተሯ ላይ ስሙን ከክፍሉ ሰርዛ የማርጅን አስገባች። ከዚያ ፎርሙን ለመውሰድ እጇን ዘረጋች።

"አንድ ደቂቃ" አለ ሎየል።

ፎርሙን ወደ ራሱ ሳበና "አብሮ የማይጓዝ ሰው" የሚለውን ባዶ መስመር አገኘው። ብዕር ከፖሌት ተቀብሎ ሙሉ ስሙንና የስልክ ቁጥሩን ማንም ሊሳሳተው በማይችል ጉልህ ፊደል ጻፈ። ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ዊላ እያየችው እንደሆነ አወቀ፤ ወረቀቱን ሳይሸፍን "አባት" ብሎ ጻፈ።