የሠርጉ ጠላ

ማናለብሽ ቆቦ ላይ ጠላ እየሸጠች ጠጉሯ ሸብቷል። አንድ ልጇን ተዋቸውን ያሳደገችውም ያስተማረችውም በዚያው ጠላ ነው። ለሠርጉ ደግሞ ከሮቢት ምርጥ ማሽላ አስመጥታ፣ ጌሾውን ራሷ ወቅጣ ሁለት ጋን ሙሉ ጠመቀች።

በዋዜማው ተዋቸው ቢራ በሳጥን በሳጥን በባጃጅ አስገባ። ጋኖቹን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እማዬ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ። ይኼን አታውጪው፤ የጠላ ሻጭ ልጅ ይሉኛል።»

«ታዲያ የማን ልጅ ነህ?» አለችው። የባጃጁን ሒሳብ ሊከፍል ወጣ።

በማግስቱ ሠርጉ ሞቅ ሲል፣ የድሮ ደንበኛዋ ጋሽ በላቸው ያልተከፈተ ቢራ ይዘው ወደ እሷ መጡ።

«ማናለብሽ፣ ይኼ ሆዴን ይነፋኛል። ያንቺ ጠላ የታለ?»

ተዋቸው ከባልደረቦቹ መሃል ሆኖ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«አልጠመቅሁም፣ ጋሼ። ደከመኝ» አለች።

«በልጅሽ ሠርግ?» አሉና ቅር ብሏቸው ተመለሱ።

ማናለብሽ ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ከጋኑ በጣሳ ቀድታ ቀመሰች። እንደዚያ ቀን ጠላ ሰምሮላት አያውቅም፤ ይኼ ደግሞ የባሰ አናደዳት።