የሃና የሕይወት ታሪክ

ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ በማንበብ በኦሃዮዋ ኮሎምበስ ጽጌረዳን የሚስተካከላት የለም። ዌስተርቪል ካለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ባረፈ ቁጥር፣ ቤተሰቡ መጀመሪያ ለፓስተሩ፣ ቀጥሎ ለእሷ ይደውላል። ጨቅጫቃውን ለቤቱ ተቆርቋሪ፣ ቋጣሪውን ቁጥብ አድርጋ ታነብለታለች። አንዴማ የሟቹ ሚስት ራሷ "ይሄን ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ነው የኖርኩት?" ብላለች ይባላል።

ስለዚህ የገዥ ቴልፎርድ ቤተ መዘክር አማርኛ ተናጋሪ አስጎብኚ እንደሚፈልግ ስትሰማ፣ ሥራው የእኔ ነው ብላ ቁጭ አለች። ፖላሪስ የገበያ ማዕከል፣ ሱቅ ውስጥ ልብስ ማጠፍ አንገሽግሿታል። ኦርሰን ቴልፎርድ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጠበቃ፣ ከዚያ ዳኛ፣ በመጨረሻም የኦሃዮ ገዥ የነበረ ሰው ነው። ስለ እሱ እንድታነብ የሰጧትን ሁሉ ጠጣችው።

አስጎብኝታ የምትፈተንበት ቀን ከቤተ ክርስቲያን አንድ ቫን ሙሉ አዛውንት ይዛ ከች አለች። የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ዶና፣ የሰውየው መኖሪያ በነበረው ቤት ሳሎን፣ ከኋላ ተቀመጠች፤ እዚሁ አሜሪካ የተወለደችው የጽጌረዳ ልጅ ናርዲ አጠገቧ ሆና ታስተረጉምላታለች።

"ገዥ ኦርሰን ቴልፎርድ ከአባታቸው ከአቶ ኤይሞስ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ማርታ ተወለዱ" ብላ ጀመረች ጽጌረዳ። በድህነት በሻማ ሲያጠኑ፣ ለመበለቶች ያለ ክፍያ ጥብቅና ሲቆሙ፣ ዳኛ ሆነው ጉቦ ሲመልሱ፣ ገዥ ሆነው ትምህርት ቤት ሲያሠሩ፣ ሁሉንም አወረደችው። "ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነበሩ" ስትል እትዬ ሮማን መሐረባቸውን አወጡ። ጽጌረዳም ሥራው እጄ ገባ ብላ ልቧ ሞላ።

ዶና ግን አላጨበጨበችም። ናርዲን በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት።

"ማሚ፣ ሃናን ስኪፕ አደረግሻት። ሶሪ፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን ነው የምትለው።"

ሃና ከኬንታኪ ባርነት አምልጣ፣ ባርነት ወደሌለበት ኦሃዮ ወንዙን የተሻገረች ሴት ነበረች። ቴልፎርድ በዳኝነቱ ዘመን፣ ሕጉ ያስገድደኛል ብሎ፣ ለጌታዋ መልሶ አስረክቧታል። ጽጌረዳ ይህን አንብባዋለች፤ አውቃ ነው የተወችው።

"እንዴ! ቤቱ ገብቼ ነው እንዴ የማማው? በሟች ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይነሳል?"

"ሃናም እኮ ሞታለች ማሚ። የእሷን ማን አነበበላት?"

ጽጌረዳ አፈረች። ይህ በእሷ ላይ የሚታይ ነገር አይደለም። እትዬ ሮማን ጉብኝቱ ያለቀ መስሏቸው ወደ በሩ እየሄዱ ነበር።

"ይቀመጡልኝ እትዬ፣ ገና አልጨረስኩም" አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። "ወይዘሮ ሃና ከአባታቸው ከ..."

ቆመች። የአባትየውን ስም የጻፈ የለም።

"ከእናታቸው ከ..."

የእናትየዋንም የጻፈ የለም። በሌላ ቀን ቢሆን ክፍቱን በመልካም ቃል ትደፍነው ነበር፤ ሙያዋ ነው። ዛሬ አልደፈነችውም።

"የተወለዱበትን ቀን የሚያውቅ የለም። ልጆች ይኑሯቸው አይኑሯቸው የጠየቃቸው የለም። በክረምት፣ በበረዶው ላይ፣ ወንዙን በእግራቸው ተሻገሩ። የዚህ ቤት ጌታ፣ እኚያ ቅድም ያመሰገንኳቸው ደግ ሰው፣ በገዛ እጃቸው ፈርመው ወደ ባርነት መለሷቸው። ከዚያ በኋላ የት እንደወደቁ አናውቅም።"

ናርዲ የመጨረሻውን ለዶና ቀስ ብላ ተረጎመችላት። አዛውንቶቹ ማንም ሳያዛቸው፣ ቀብር ላይ እንደሚያደርጉት፣ አንድ በአንድ ብድግ አሉ። ዶናም ለምን እንደተነሱ ሳይገባት አብራቸው ቆመች።

ሰዉ ወደ ቫኑ ሲወጣ ዶና ናርዲን ወደ ጎን ሳበቻት። ቅዳሜ የቴልፎርድ ዘሮች እንደሚመጡ፣ የቤቱንም ወጪ የሚሸፍኑት እነሱ እንደሆኑ ነገረቻት። ሥራውን ከመስጠቴ በፊት፣ እናትሽ እነሱ ፊትም ይሄንኑ ትደግመው እንደሆነ ጠይቂልኝ አለቻት።

ጽጌረዳ ትርጉም አልጠበቀችም። ሱቅ ውስጥ በለመደችው እንግሊዝኛ ራሷ መለሰች።

"ይምጡ። እነሱ ለቅድመ አያታቸው ነው የሚመጡት። ለሃና የሚመጣ ዘመድ የለም፤ በእሷ ወገን እኔ እቆማለሁ።"