ማተብ የሌለው ወረቀት

ለጣሊያን በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ያደረው አበረ በቁይ ገበያ መካከል ቆሞ ከደብረ ማርቆስ የመጣውን ጋዜጣ ለሕዝቡ ያነባል። «የሽፍታው የሙላት ውሾች የድኻ ገበሬ አውድማ አቃጠሉ!»

ማንጠግቦሽ ደሟ ፈላ። የተቃጠለው አውድማ የእሷ ነበርና ሰዉን እየገፋች ሄዳ ፊቱ ተገተረች።

«ባገራችን ጥፋት ሲጠፋ አውጫጭኝ እንቀመጣለን፤ ያየ ሰው ምሎ ይናገራል። ይኼ ጋዜጣ ማን ፊት ማለ?»

አበረ ሳቀ። «ወረቀት ይምላል እንዴ፣ እሜቴ?»

«እንግዲያው እኔ ልማል! ሙላት አምና ክረምት የእርሻ በሬዬን ነድቶ አርዶ በልቶብኛል። ዓይኑን ማየት አልሻም፤ ይህን እምላለሁ። አውድማዬን ያነደዱት ግን የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፤ ይህንንም እምላለሁ። የዓመት ጤፌ ሲነድ አስተርጓሚያቸው ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ያ ሰው አንተ ነህ!»

የአበረ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ ጋዜጣውን ሊያጥፈው ሲል ማንጠግቦሽ እጁን ለቀም አደረገችው።

«ቆይ፣ አትጠፈው። ወረቀቱ ማተብ የለውም፤ አንተ ግን ይኸው አንገትህ ላይ አለ። በል፣ ማተብህን ያዝና እንደገና አንብበው!»