ዋስ የተጠየቀበት ስብሰባ

ወርቂቱ «ነጻ ነው» የሚባል ነገር አይዋጥላትም። የጎረቤቷን ልጅ በዛችን አንድ ደላላ ወደ ዓረብ አገር ያሻገራት «ቪዛው ነጻ ነው» ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቷል። ስለዚህ እድላዊት «እማዬ፣ ዛሬ በኢንተርኔት ነጻ ስብሰባ አለኝ» ስትላት የያዘችውን ሥራ ጥላ መጣች።

«ማነው የጠራሽ?»

«ማንም አልጠራኝም፤ ራሴ ነኝ የተመዘገብኩት።»

«ይኸው! ስምሽን ሰጥተሻቸዋላ!»

እድላዊት መካነ ሰላም ውስጥ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ሠራተኛ ናት። ስብሰባው ድርጅቶች ንብረታቸውንና ደመወዛቸውን ስለሚያስተዳድሩበት ሶፍትዌር ነው። ክፍት ምንጭ ይሉታል፤ ሠሪዎቹ አሠራሩን ስለማይደብቁ ማንም ወስዶ ይገለገልበታል፣ እንደሚመቸውም ያስተካክለዋል። ይህንን ለእናቷ ደጋግማ አስረድታለች። ወርቂቱ ግን ከአሥረኛ ክፍል የተረፋትን እንግሊዝኛ ይዛ፣ በርጩማ ስባ ከልጇ ጎን ተቀመጠች። «ፓስፖርት» የሚል ቃል ከሰማች ኮምፒውተሩን ልትከረችመው ቆርጣለች።

ስክሪኑ ላይ ነጩም ጥቁሩም ፊት በየሳጥኑ ተደርድሯል። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ያወራል፣ ይስቃል።

«ምን ያስቀዋል?»

«እየቀለደ ነው፣ እማዬ።»

«ደላላም መጀመሪያ ይቀልዳል።»

የጥያቄ ሰዓት ደረሰና እድላዊት ማይክሮፎኑን ከፍታ፣ ማዳበሪያ ከየመንደሩ ቅርንጫፍ ሲመለስ እንዴት እንደሚመዘገብ ጠየቀች። ሰውየው መለሰላትና፣ ከየት አገር እንደሆነች ጠየቃት። ይኼኔ ወርቂቱ አልቻለችም። በልጇ ትከሻ ላይ ተንጠራርታ፣

«ስማ አንተ! ዋስህ ማነው? እዚህ አገር የሚያውቅህ ሰው ጥራ!» አለች።

እድላዊት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ራሰ በራው ምን እንደተባለ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ወዲያው ከታችኛው ሳጥን አንዲት ሒጃብ የለበሰች ወጣት ብቅ አለች።

«አብሽሩ እናቴ! ዋሱ እኔ ነኝ።»

ወርቂቱ ወደ ኋላዋ ሸሸት አለች። «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?»

«ሁዳ ያሲን እባላለሁ፤ የወረኢሉ ልጅ ነኝ። ደሴ ሆኜ ይህንኑ ሶፍትዌር ወደ አማርኛ እመልሳለሁ።»

«የበሬ ነጋዴው የያሲን ልጅ?»

«ኧረ የለም፣ የእኔ አባት አስተማሪ ናቸው። በሬ ነጋዴው ጎረቤታችን ናቸው።»

«እነዚህ ሰዎች ልጄን የትም አይወስዱብኝም?»

«ወላሂ፣ ከተቀመጠችበት አትነሳም። እኔስ በየዓመቱ በዚህ ስብሰባ እየተካፈልኩ ማን ከደሴ አነቃነቀኝ?»

ሁዳ ነገሩን በእንግሊዝኛ ስታስረዳ ሳጥኑ ሁሉ በሳቅ ተናጋ። ሰውየው ግን አልሳቀም፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለወርቂቱ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

ወርቂቱ ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደላት። «ተመስገን! ኑሪልኝ የኔ ልጅ፣ እናትሽን ያኑርልሽ» አለቻት ሁዳን። ወዲያው ሌሎቹ አፍጥጠው እንደሚያዩዋት አስተዋለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣

«በሉ እንግዲህ፣ ቀጥሉ» አለቻቸው።