ከበረት የማትወጣ ላም

ነገሳ ቅዳሜ ጠዋት ገመድ ይዞ መጣ። ከሱሉልታ ቡራዩ ድረስ ተራራውን አቋርጦ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሶ፣ አዲስ ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ከግቢው በር ቆመ። እንደ ሌላው ጊዜ «አካም ቡልቴ» ብሎ እንዴት እንዳደርኩ አልጠየቀኝም።

«ላሚቱን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ።

ነገሳ የባለቤቴ የሞቱማ ታላቅ ወንድም ነው። ከሞቱማ የአርባ ቀን ተዝካር ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም ነበር።

ቡሬ የእሱ ላም መሆኗን አልክድም። ሞቱማ በርቢ ነበር የወሰዳት፤ መኖውና ድካሙ የእኛ፣ ላሚቱ የነገሳ። የመጀመሪያው ጥጃ ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለአርቢው ተብሎ በሽማግሌ ፊት ተዋውለዋል። የመጀመሪያው ወይፈን ሆኖ ሱሉልታ ከሄደ ቆይቷል። ሁለተኛው በሆዷ ነው። አርቢው ሲሞት ግን ውሉ ይፈርሳል፤ ላሚቱ በሆዷ ያለውን እንደያዘች ወደ ባለቤቷ ትመለሳለች። ይህንን የሚያግድ ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ መውለጃዋ የደረሰ ላም ከበረት አትወጣም። እዚያው ትወልዳለች፤ ጥጃውም አርቢው በሕይወት እንዳለ ተቆጥሮ ለቤቱ ይሆናል።

«ቀኗ ደርሷል፤ አትሄድም» አልኩት።

ሳቀ። «ዩኒቨርሲቲ የላም አዋላጅነትም ያስተምራሉ እንዴ?»

«ያስተማረኝ ወንድምዎ ነው፣ ጋሼ ነገሳ።»

«ወንድሜ አንቺን አግብቶ የልጅ ዓይን ሳያይ ሞተ። አሁን ጥጃ ልታሳዪው ነው?»

ነጠላዬን ሳብ አደረግሁና አጥሩን ተሻግሬ ኦቦ ጎበናን ጠራሁ። ኦቦ ጎበና ጎረቤታችን ናቸው፤ የአጥቢያ ዳኛ ሲሆኑ ውሉ ሲገባም የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ከዘራቸውን ይዘው መጥተው በበረቱ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ አልገባም» አሉ። «የተካሰሱበትን ከብት እጄ አይነካም። እናንተ እዩና ንገሩኝ።»

እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ አጋታ ነበር፤ ግቷ ተወጥሮ የጡቶቿ ቆዳ ያብለጨልጫል። የዚያን ቀን ጠዋት ድርቆሽ ብሰጣት አሽታ ተወችው፤ ጥግ ይዛ ለብቻዋ ቆመች፣ አንዴ ወደ ኋላዋ ዞራ ሆዷን ታያለች፣ አንዴ እግር ትቀያይራለች። ከሁሉ በላይ ግን የጭራዋ ሥር ነበር። ከግራና ከቀኙ ያለውን ጅማት ሞቱማ እጄን ይዞ ነበር ያስነካኝ። «እንደ ጣውላ ከደረቀብሽ ገና ነው፤ ሥራሽን ሥሪ» ይል ነበር። «እንደ ሊጥ ከገባልሽ ግን የትም አትሂጂ።» ያን ዕለት ጣቶቼ ገቡ።

ነገሳ በረቱ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ያደረገውን አየሁ፤ እጁ ወደየትም ሳያመነታ ወደ ጭራዋ ሥር ሄደ፣ ጫን አለና ቶሎ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየ። ጎኗን መታ መታ አደረገ፣ ጥርሷን አየ፣ ወደ ግቷ ጎንበስ ብሎ ምላሱን አጮኸ። እጁ ያወቀውን የሚሸፍን ነገር አፉ እስኪያሰናዳ ነበር።

«ወር ይቀራታል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ግቷ ያበጠው አተላ አብዝተሽባት ነው። የከተማ ሰው ከብት እንደ ዶሮ ነው የሚያደልበው።»

«አንቺስ፣ ስንዱ?» አሉ ኦቦ ጎበና።

«እኔ ዛሬ ነው እላለሁ።»

«እንግዲህ እሱ ሲወለድ ጀምሮ ከከብት ጋር ነው» አሉ ሽማግሌው እያዘኑ። «ምን ላድርግ?»

ሞቱማ ያን ጥጃ ሲጠብቅ ነበር። በመጨረሻው ሰሞን መነሣት ሲያቅተው እንኳ፣ ማታ ስገባ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ቡሬ ነበር። እሱ ጀምሮት ሳይጨረስ የቀረኝ ነገር ያ ጥጃ ብቻ ነው። ይህንን ግን ለሁለቱም አልነገርኳቸውም።

«ጋሼ ነገሳ ወር ይቀራታል ካሉ እቀበላለሁ» አልኩ። «እንግዲያው እስከ ማክሰኞ ትቆይ። ከማክሰኞ በኋላ ከወለደች ጥጃውም የእርስዎ ነው፤ እኔው ራሴ እየነዳሁ ሱሉልታ አደርሳታለሁ። ከዚያ በፊት ከወለደች የዚህ በረት ነው።»

ኦቦ ጎበና ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ደግ ተናገረች። ነገሳ፣ ወር ለሚቀራት ላም ሦስት ቀን ምንህ ነው?»

ነገሳ ገመዱን ይፈታ ጀመር። «እኔ ያንን ዳገት በየቀኑ አልወጣም። ዛሬ ነው የምወስዳት።»

«እሷ ራሷ አደርሳታለሁ አለችህ እኮ።»

«የእሷን ማድረስ አልፈልግም!»

«ታዲያ የመጣኸው ለላሚቱ ነው ወይስ ለሆዷ?»

«ዲሲ፣ ኦቦ ጎበና! ተወኝ አልኩ! ወንድሜን ከእናቱ ቤት አውጥታ እዚህ ያመጣችው እሷ፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ያንከራተተችው እሷ፣ ቀብሩም እዚህ ይሁን ያለችው እሷ። ሁሉ የእሷ! አሁን ደግሞ ላሜን!»

ገመዱን በቀንዷ አስገብቶ ጎተተ። ቡሬ ለመከተል ለምዳለችና ተከተለችው። ግቢውን እስክታጋምስ ሄደች፣ እስከ በሩም ሄደች። እዚያ ስትደርስ ቆመች። ጀርባዋ ጎበጠ፣ ጭራዋ ወደ ጎን ተነሣ፣ እንደ እንቁላል ውሃ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተንጠለጠለ። ነገሳ አንዴ ደግሞ ጎተታት። ጉልበቷን አጠፈችና በሩ መካከል ተኛች፤ እንሽርቱም ፈሰሰ።

ከዚያ ኦቦ ጎበና፣ «ገመዱን ፍታ» አሉ።

ፈታው። እኔ ሳልጠራው ጋቢውን ጥሎ ከኋላዋ ተንበረከከ። የወጣው አንድ እግር ብቻ ነበር። «ቆመሽ አትዪኝ፣ ጭራዋን ያዢ!» አለኝ። ያዝኩ። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የታጠፈውን ሁለተኛ እግር ፈልጎ አቃናው። ስታምጥ ይስባል፣ ስታርፍ ያርፋል። እየሳበ ይሰድበኛል፤ አያያዜን፣ አቋቋሜን፣ ከተማ ያለውን የአባቴን ሱቅ ሳይቀር። እኔም ጭራዋን አልለቀቅሁም።

ጥጃዋ ወጣች። ሴት ናት። አትተነፍስም። ነገሳ አፍንጫዋን ጠርጎ በጭድ ጫፍ ነካካት፤ አስነጠሳት።

«ጨርቅ! የሚያደርቃት ጨርቅ!» እያለ ተነሥቶ ወደ በረቱ ሮጠ። የበረቱ ምሰሶ ላይ ሞቱማ ሲያልብ የሚለብሰው ካፖርት ተሰቅሏል። እጁን ዘረጋ።

«እሱን እንዳይነኩ!»

ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ቡሬ እንኳ ጆሮዋን አቆመች። ነገሳ እጁን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ካፖርቱን አየ፣ ክርኑ ላይ የጣፍኩትን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ጆንያ ወረወርኩለት። ጥጃዋን በጆንያው ያሻት ጀመር።

ሲጨርስ እጁን በሣር ጠረገ። «ቡሬ ስትወልድ ጭንቅላቷ የነበረው ከበሩ ውጭ ነው» አለ።

ኦቦ ጎበና ሳቁ። «እንግዲያው ጭንቅላቷን ይዘህ ሂድ። የቀረው የበረቱ ነው፤ ጨርሻለሁ። ላሚቱንም ጥጃዋ ሣር ስትይዝ ትወስዳታለህ።»

ነገሳ ጋቢውን ለበሰ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «እናቴ እንገር ትወዳለች» አለ።

«ዕቃ ይላኩ» አልኩት።

«ካንቺ ቤት? አልልክም!»

ገመዱን ረስቶት ሄዷል። አንሥቼ በውጭ በኩል የበሩ ግንድ ላይ ሰቀልኩት፤ እንዲወስደው እንጂ እንዲገባ አልፈለግሁም። ጥጃዋን ተሸክሜ ካፖርቱ ካለበት ምሰሶ ሥር አስተኛኋት፤ ቡሬም ተከትላኝ ገብታ ትልሳት ጀመር።

ሰኞ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ገመዱ ተወስዷል። በቦታው የአማቴ የእማማ አያንቱ የወተት ቅል፣ ታጥቦና ታጥኖ ተሰቅሏል። አውርጄ እንገሩን አልቤ ሞላሁት፤ መልሼም በሩ ላይ ሰቀልኩት። ሲመሽ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አልወጣሁም።