በግቢው የሚያልፈው መንገድ

አስተማሪዋ ቤቱን ስትገዛ መንገድም አብራ መግዛቷን ማንም አልነገራትም። ከፊት በር እስከ ጓሮ በር እግር ያበጀው ቀጭን መንገድ ግቢዋን ለሁለት ይከፍለዋል። ዳቦ ቤት የሚሄደውም ከፋብሪካ የሚመለሰውም በዚያው ሹልክ ይላል። የድሮው ባለቤት ፈቅዶላቸው ነበር፤ እሱ ቢሄድም እነሱ አልተዉትም።

የምታስተምረው ጂኦግራፊ ነው። «ቦታን ቦታ የሚያደርገው የሰው ልማድ ነው» ብላ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ትመጣና፣ ልማዱ መስኮቷ ሥር ሲያስነጥስ ደሟ ይፈላል። ፈተና ልታርም ስትቀመጥ አንዱ ያልፋል፣ ደግማ ስትቀመጥ ሌላው። እሁድን ቁጭ ብድግ ስትል ትውላለች።

«ቢያልፉ ምን ወሰዱብሽ?» ይላሉ አባቷ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አላፊውን ሁሉ በኮቴው ይለያሉ።

«ሰላሜን ነዋ፣ አባዬ!»

ግንበኛ ጠራችና የጓሮውን በር በብሎኬት አስደፈነችው። ጎረቤት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

አባቷ የዚያን ሰሞን «ዛሬስ ሰው የለም እንዴ?» ሲሉ ከረሙ። ቀጥሎ መጠየቁን ተዉት፣ ከዚያም በረንዳ መውጣቱን። እሷም የፈለገችውን ጸጥታ አግኝታ መቀመጥ አቃታት፤ እስክሪብቶ እንደያዘች መስኮት ለመስኮት ትዞራለች።

አንድ ቀን ምሳቸውን ወደ ጎን ገፍተው፣ «ልጄ፣ ወንድምሽ ጋ ልሂድ» አሏት። «እዚህ መኖሬን የሚያውቅ የለም።»

ግንበኛውን መልሳ ጠራችው።

«ምነው እቴ፣ ሳይደርቅ?» አለ እየሳቀ፤ ዲጂኖውን አንስቶ ግን አፈረሰው።

ማንም አልመጣም። ሰፈሩ ከግቢዋ አጠገብ ባለው መጋዘን ጀርባ ሌላ መንገድ አውጥቶ ለምዶታል። ዳቦ ቤት በር ላይ ሴቶቹን፣ «በእኛ ግቢ እለፉ እንጂ» ብትላቸው፣ «ኧረ ይቅር፣ እናስቸግርሻለን» አሏት፤ ትሕትናቸው አጥንቷ ድረስ ዘለቀ።

ወንድሟ ሊወስዳቸው በሚመጣበት ጠዋት አባቷ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እሷ ከሳሎን ወደ በር፣ ከበር ወደ ሳሎን ተንቆራጠጠች። በመጨረሻ በፊት በር ወጥታ፣ በመጋዘኑ ዞራ፣ በፈረሰው ግንብ ገባች።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ?» አለች እንደ አላፊ።

አባቷ ቀና አሉ። ኮቴዋን እንደሚያውቁት ታውቃለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «ቀስ ብለሽ እለፊ፤ ልጄ ጫጫታ አትወድም።»

እንባዋ መጣ። «አሁን ትወዳለች፣ አባባ።»

«ነገም በዚህ ነሽ?»

«በየቀኑ።»

አባቷ ሻንጣውን በእግራቸው ከተቀመጡበት አግዳሚ ሥር ገፋ አደረጉት።

«እንግዲያው መንገዱ ሳር ሳይበቅልበት» አሉ፣ «ደግመሽ ዙሪ።»